ዘፋኝ የራሷን ዘፈን ትረሳለች እንዴ? የኮኒ ፍራንሲስ ነገር

ሳምሪ_ኤዲቲንግ (አዳማ)

ሰላም ቤተሰብ። እኔ እዚሁ አዳማ የልደትና የክርስትና ቪዲዮ ነው የምሠራው። ቲክቶክ የምትከታተሉ «ፕሪቲ ሊትል ቤቢ» የምትለዋን ዘፈን ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ስሟን ባታውቁ ዜማዋን ታውቃላችሁ። ደንበኛ ሁሉ «ያቺን አድርጊልን» ነው የሚለኝ። ሕፃን ሲስቅ እሷ፣ ድመት ሲተኛ እሷ። አንዷ ደግሞ የእናቷን 60ኛ ዓመት ልደት በእሷ አሠራችኝ።

ሲሰለቸኝ ማን ናት ብዬ ፈለግኩ። ኮኒ ፍራንሲስ የምትባል አሜሪካዊት ናት። ዘፈኑ የ1962 ነው፣ በፈረንጅ። በእኛ 1954 ወይ 55 መሆኑ ነው፤ ጃንሆይ ዙፋን ላይ እያሉ። በ2025 ዘፈኑ ዓለምን ሲያዳርስ ሴትዮዋ በሕይወት ነበረች። ጋዜጠኛ ሲጠይቃት ምን ብትል ጥሩ ነው? ዘፈኑን ጭራሽ አላስታውሰውም፣ ሰምቼው ነው ያወቅኩት! በዚያው ዓመት ጁላይ 16 በ87 ዓመቷ አረፈች።

እኔን የከነከነኝ ይሄ ነው። ሰው የራሱን ዘፈን እንዴት ይረሳል? ስለ ድሮ ሙዚቃ የሚያውቅ ካለ ያስረዳኝ።

ፍራንኮ_ሰፈር

87 ዓመት እኮ ነው ሳምሪ። እኔ በ34 ዓመቴ ቁልፌን የት እንዳስቀመጥኩ አላውቅም 😂

የካሴት_ቤቱ

ፍራንኮ፣ እርጅናን ተዋት። ሳምሪ ልጄ፣ ጥያቄሽ ቁም ነገር አለው። እኔ አዳማ ናዝሬት በምትባልበት ጊዜ ካሴት ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የፈረንጅ ሸክላም በእጄ አልፏል። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

የዛሬ ልጆች አንድ ነጠላ ዜማ ለመልቀቅ ስድስት ወር ስቱዲዮ ትመላለሳላችሁ። ያኔ እንደዚያ አልነበረም። አሜሪካ ውስጥ አንድ የቀረጻ ክፍለ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሦስት ሰዓት ነው፤ የሙዚቀኞች ማኅበር ደንብ ነው። በሦስት ሰዓት ሦስት አራት ዘፈን ይወጣል። ኦርኬስትራው በሰዓት ስለሚከፈለው ቀልድ የለም። ይለማመዳሉ፣ ቀይ መብራት ይበራል፣ ትዘፍናለች፣ ቀጣዩ ይምጣ ይባላል። እሷ ደግሞ በዚያ ላይ በየዓመቱ አልበም በአልበም ላይ የምታወጣ ሰው ነበረች።

ከዚያ ሸክላው ይታተማል። ትንሿ ባለ 45 ሸክላ (በደቂቃ 45 ጊዜ የምትዞረው) ሁለት ፊት አላት። ኩባንያው የተማመነበትን ዘፈን ፊቱ ላይ ያደርጋል፣ የተረፈውን ጀርባው ላይ። ሬዲዮ የሚያጫውተው ፊቱን ነው። «ፕሪቲ ሊትል ቤቢ» እኮ አሜሪካ ውስጥ ጀርባ የመሆን ዕድል እንኳ አላገኘችም። አልበም ውስጥ ተሸጉጣ ነው የወጣችው። እንግሊዝ ውስጥ ነው ለሌላ ዘፈን ጀርባ የሆነችው። እና ሴትዮዋ ምን ብላ ታስታውሳት? ለአንድ ቀን ሥራ የገባች፣ ሠርታ የወጣች።

ሳምሪ_ኤዲቲንግ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ! ግን በጀርመንኛም በጃፓንኛም ቀድታዋለች ይባላል። በአንድ ቋንቋ ቢረሳ እሺ፣ በስንት ቋንቋ ዘፍኖ መርሳት?

የካሴት_ቤቱ

እሱማ ይብሳል! ቃሉ የማይገባሽን ነገር አፍሽ ላይ እንዴት ይቆያል?

ቤዝ_ተጫዋች

የሆቴል ባንድ ውስጥ የምጫወት ሰው ነኝና ጋሼን በከፊል ልቃወም። «ለአንድ ቀን ሥራ» የሚለው ሴትዮዋን ያሳንሳታል። ዘፈኗን በጆሮ ማዳመጫ ስሙት፣ በስልክ ስፒከር አይደለም። ኮኒ በብዙ ሥራዎቿ ላይ የራሷን ድምፅ በራሷ ድምፅ ላይ ደርባ ትቀዳ ነበር። አንዴ ትዘፍናለች፣ ያ ተከፍቶላት እየሰማች ሌላ ድምፅ ትጨምርበታለች። «ማይ ሃርት ሃዝ ኤ ማይንድ ኦቭ ኢትስ ኦውን» የሚለውን ክፈቱ፣ ሁለት ኮኒ ጎን ለጎን ቆመው ነው የሚዘፍኑት። ትንፋሻቸው እኩል ነው፣ ቃሉን የሚዘጉት እኩል ነው። ዛሬ ይሄን ኮምፒውተር ላይ በመዳፊት ጎትተን እናስተካክለዋለን። እሷ በጉሮሮዋ ነው ያስተካከለችው።

ሌላው፣ «ሊፕስቲክ ኦን ዩር ኮላር» (1959) ላይ ያለችውን የጊታር ሶሎ ስሙ። ጆርጅ ባርንስ የሚባል የጃዝ ሰው ነው። አጭር ናት፣ ግን እኔ ልጅ ሆኜ ለመልቀም ስንት ሌሊት እንዳስለቀሰችኝ። ለ«ቀላል ፖፕ» እንዲህ ዓይነት ሙዚቀኛ ነበር የሚጠሩት። ፈጥነው ሠሩ ማለት አቃለው ሠሩ ማለት አይደለም።

የካሴት_ቤቱ

ተቃውሞህን ተቀብያለሁ፣ ግን አልተቃወምከኝም። እኔም ያልኩት ፈጠኑ ነው።

ሰናይት_ኒውጀርሲ

የአዳማ ልጆች እንደምን ናችሁ! ያደግኩት ፖስታ ቤት አካባቢ ነው፤ አሁን የምኖረው ኮኒ የተወለደችበት ስቴት ነው። ኒውአርክ ነው የተወለደችው፣ በ1937። ትክክለኛ ስሟ ኮንቼታ ፍራንኮኔሮ ነው፤ የጣሊያን ዘር ናት። ስሟን ቀይሪ፣ ይሄ ለሰው አፍ ይከብዳል ያላት አርተር ጎድፍሬይ የሚባል የቴሌቪዥን ሰው ነው። ከልጅነቷ አኮርዲዮን ይዛ ነበር መድረክ የምትወጣው።

ስለ አጀማመሯ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ዝም ብላ የታወቀች ይመስለዋል። ኤም ጂ ኤም የሚባለው ኩባንያ በ1955 አስፈረማት። ያስፈረሟትም ለሙከራ ይዛ የሄደችው ዘፈን «ፍሬዲ» የሚል ስለነበርና የአንዱ ኃላፊ ልጅ ስም ፍሬዲ ስለሆነ ነው ይባላል። ለልጁ ልደት ጥሩ ስጦታ ይሆናል ብሎ! ከዚያ ሸክላ በሸክላ ላይ አወጡ፣ አንዱም አልሸጥ አለ። በመሃል ሲኒማ ውስጥ ለሌሎች ተዋናዮች ድምፅ ሆና ትዘፍን ነበር። በ1956 ቱዝደይ ዌልድ የተባለችው ተዋናይት ፊልም ላይ አፏን ስታንቀሳቅስ ድምፁ የኮኒ ነው። ፊቷን ማንም አላየውም።

በ1957 ውሉ ሊያልቅ ሆነ። ኩባንያው አይቀጥልም። እሷም ተስፋ ቆርጣ ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሕክምና ልትማር አስባለች። አባቷ ግን «ሁዝ ሶሪ ናው» የሚለውን ዘፈን ቅጂ ብሎ ድርቅ አለ። የ1923 ዘፈን ነው! ጓደኞቼ ይስቁብኛል አለች። አባት ወይ ፍንክች።

ፍራንኮ_ሰፈር

የአበሻ አባት መሆን አለበት ይሄ ሰውዬ 😂

ሰናይት_ኒውጀርሲ

ቆይ ገና ነው። በኦክቶበር 1957 ስቱዲዮ ገባች። ሌሎቹን ዘፈኖች እያራዘመች፣ ሰዓቱ ቢያልቅ ብላ እየተመኘች፣ ያባቷን ዘፈን መጨረሻ ላይ አደረገችው። ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር በጥድፊያ ቀዱት። ምንም ሳትጨነቅበት፣ ማንንም ልምሰል ሳትል፣ በገዛ ድምፇ። ወጣ፣ ወራት አለፉ፣ ምንም የለም። ከዚያ ጃንዋሪ 1 ቀን 1958 ዲክ ክላርክ «አሜሪካን ባንድስታንድ» በሚባለው የቴሌቪዥን ፕሮግራም አጫወተው። አለቀ! አሜሪካ ውስጥ 4ኛ ደረጃ፣ እንግሊዝ ውስጥ 1ኛ ሆኖ ስድስት ሳምንት።

ሳምሪ_ኤዲቲንግ

በሞቴ! ስለዚህ የጠላችው ዘፈን አነሳት፣ የረሳችው ዘፈን ደግሞ በስተርጅና አስጠራት።

ቤዝ_ተጫዋች

ከ«ሁዝ ሶሪ ናው» በኋላም ቀጥ ያለ መንገድ አልነበረም። ተከታዮቹ ሁለት ሸክላዎች ወረዱ። አንድ ዘፈን ብቻ ኖሯት ልትቀር ነው ሲባል ኒል ሴዳካና ሃዋርድ ግሪንፊልድ የሚባሉ ሁለት ወጣት ደራሲዎች ዘፈን ሊያሳይዋት ቤቷ ሄዱ። ለስላሳ ለስላሳውን ተጫወቱላት። ደበራት፤ ሞቅ ያለ የላችሁም ወይ አለች። ግሪንፊልድ «ስቱፒድ ኪዩፒድ»ን አሰማት ሲለው ሴዳካ ፈራ፤ ትቀየማለች ዓይነት ነገር። ሰምታው ሳይጨርስ «ይሄ ነው!» አለች። ጆሮ የራሷ ነበረ ማለቴ ነው። አባቷ ብቻ አይደለም የመረጠላት።

ከዚያ በ1960 «ኤቭሪባዲስ ሰምባዲስ ፉል» ቢልቦርድ ሆት 100 በሚባለው የአሜሪካ የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ 1ኛ ሆነ። በዚያ ሰንጠረዥ ለብቻዋ ዘፍና 1ኛ የወጣች የመጀመሪያ ሴት እሷ ናት። በዚያው ዓመት ደገመችው፣ በ1962 ሠለሰችው።

ቦኩ_ልጅ

ስለ አባትየው ግን ዝም ብለን አንሳቅ። ቦቢ ዳሪን የሚባለው ዘፋኝና ኮኒ ይዋደዱ ነበር። አባት ሰምቶ ሽጉጥ ይዞ ነው ያሳደደው። ልጁ በመስኮት ነው ያመለጠው እየተባለ ይወራል። ሴትዮዋ እስከ እርጅናዋ ድረስ ያን ሰው አለማግባቷን እንደ ትልቅ ስህተት ስታነሳው ነበር። ዘፈን መርጦ ሰጣት፣ ሕይወቷንም መርጦ ሰጣት። ይሄ ውለታ ነው ወይስ ዕዳ?

የካሴት_ቤቱ

ሁለቱም ነው የኔ ልጅ። እኔም ሴት ልጆች አሉኝ፤ ሽጉጥ ግን የለኝም።

ወደ ቋንቋው ልመልሳችሁ፤ ለእኔ የሴትዮዋ ትልቁ ብልሃት እሱ ነው። በ1959 ለንደን ሄዳ አቤይ ሮድ ስቱዲዮ የጣሊያን ዘፈኖች አልበም ቀዳች። ሮክ ለጎረምሳ በሚሸጥበት ዘመን የእናትና የአያት ዘፈን! አልበሙ አሜሪካ ውስጥ 4ኛ ደረጃ ደረሰ። ከዚያ የስፓኒሽ፣ የአይሁድ፣ የአይሪሽ፣ የጀርመን እያለች ቀጠለች። በ1964 ከሃንክ ዊልያምስ ጁኒየር ጋር የካንትሪ አልበም ሠራች። ያ መጀመሪያ 1ኛ የወጣው «ኤቭሪባዲስ ሰምባዲስ ፉል» በጀርመንኛ ተዘፍኖ እዚያም በ1960 1ኛ ወጥቷል። ሌላው ዘፋኝ ዘፈኑን ይልካል፤ እሷ ራሷ ነበረች የምትሄድላቸው። ጎረምሳው ቢሰለቻት እንኳ የጣሊያን እናቶች አይሰለቿትም።

ቦኩ_ልጅ

ይሄን እኛ አዳማዎች እንረዳዋለን። እዚህ ሠርግ ላይ በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ የማይጨርስ ዘፋኝ እንጀራ አይበላም። ዓሊ ቢራን አስቡ፤ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛ፣ በአረብኛ ዘፍኗል። በ2022 ሲያርፍ እዚሁ አዳማ ነበር፣ ያን ቀን የማያስታውስ የለም። ልዩነቱ ዓሊ በእነዚያ ቋንቋዎች ኖሮባቸዋል። ኮኒ ጃፓንኛውን በወረቀት ላይ በላቲን ፊደል አጥንታ ካልሆነ ከየት ታመጣዋለች?

ቤዝ_ተጫዋች

ጀርመኖች ግን ከነአነጋገሯ ወደዋታል። አንዳንዴ ትንሽ የተሰበረ ቋንቋ ዘፈን ላይ ያምራል። የእኛን ዘፈን ፈረንጅ ሲዘፍነው ደስ አይለንም እንዴ?

ፍራንኮ_ሰፈር

ጋሼ አንድ ጥያቄ። እኛ አገር ያኔ ምን ነበር? በ1962 አንዲት ኢትዮጵያዊት ዘፋኝ ሸክላ ማስቀረጽ ትችል ነበር?

የካሴት_ቤቱ

ጥሩ አነሳህ። በዚያ ዘመን ዘፋኞቻችን የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራ ደመወዝተኞች ነበሩ። ብዙነሽ በቀለ የክቡር ዘበኛ ናት። ድምፇ ከየትኛዋም ፈረንጅ አያንስም፣ እኔን ከጠየቅከኝ ይበልጣል። ግን እንደ ኮኒ በየወሩ ስቱዲዮ የሚጠራት ኩባንያ አልነበራትም። ሸክላ የማሳተም መብቱ በአዋጅ የሀገር ፍቅር ነበር። በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት የመጣው ይምጣ ብሎ አምሃ ሬከርድስን ከፈተ። የመጀመሪያው ሸክላ የዓለማየሁ እሸቴ ነው። ለማሳተም ወደ ውጭ አገር ይላክ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ብዙነሽም ማሕሙድም በሸክላ እንደ ልብ የተገኙት። ልብ በል፣ ያ በር በተከፈተበት በ1969 ነው ኮኒ ከኤም ጂ ኤም ጋር የነበራት ውል ያበቃው። የእኛዎቹ ሲጀምሩ እሷ ጨርሳለች።

እና ከእኛም ወገን ዘግይቶ የተሰማ አለ። የማሕሙድ «እረ መላ መላ» በ1975 የወጣ ነው፤ አውሮፓ ውስጥ በ1986 እንደ አዲስ ታተመ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኗቸውን በ1960ዎቹ ጀርመን አስቀርጸው፣ ዓለም የሰማቸው ከ2006 በኋላ ነው። ሸክላ ትዕግሥተኛ ነው።

ሳምሪ_ኤዲቲንግ

ለምን ጨረሰች ግን? ገና 31 ዓመቷ እኮ ነው ያኔ።

ሰናይት_ኒውጀርሲ

ቢትልስ መጡና። በ1964 የእንግሊዝ ባንዶች አሜሪካን ሲያጥለቀልቁ የእሷ ዓይነት ዘፋኞች ከሰንጠረዡ ወረዱ። እሷም ከዚያ ዓመት በኋላ ከመጀመሪያዎቹ 40 ዘፈኖች ውስጥ አልገባችም። መድረክ ላይ ግን ሰው ነበራት።

ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በ1974 ኒውዮርክ አጠገብ ዝግጅቷን አቅርባ ያረፈችበት ክፍል ውስጥ ሰው ገብቶ ደፈራት። ደፋሪው አልተያዘም። እሷ ሆቴሉን ከሰሰች፤ በሩ በቀላሉ የሚከፈት መሆኑን አሳይታ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደላት። ያኔ ሴት እንዲህ ደረሰብኝ ብላ በአደባባይ የምትናገርበት ዘመን አልነበረም። የሆቴሎች ጥበቃና ቁልፍ ጉዳይ ከዚያ ፍርድ በኋላ በጣም ተለወጠ። ከዚያ የአፍንጫ ቀዶ ሕክምና አድርጋ ድምፇን አጣች፤ ለዓመታት መዝፈን አልቻለችም። በ1981 ወደ መድረክ ስትመለስ ደግሞ በዚያው ዓመት ወንድሟ ተገደለ። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ቦኩ_ልጅ

ይሄን ሁሉ አሳልፋ ስለ አንዲት የአልበም ማሟያ ዘፈን ጠየቋት፣ «አላስታውስም» አለች። ይፈረድባታል?

ሳምሪ_ኤዲቲንግ

አይፈረድባትም። እሺ፣ የገንዘቡን ነገርስ? ያ ሁሉ ቪዲዮ ሲሠራ ማን በላ?

ቤዝ_ተጫዋች

የቀረጻው ባለቤት ኩባንያው ነው። የኤም ጂ ኤም መዝገብ ሲሸጥ ሲለወጥ ዛሬ ዩኒቨርሳል እጅ ነው ያለው። እነሱም አልተኙም፤ ዘፈኑ ሲነሳ የጀርመንኛውን፣ የጃፓንኛውን፣ የጣሊያንኛውን ቅጂ ከመዝገብ ቤት አውጥተው ለቀቁ። ቴፑን ጠብቀው አስቀምጠውታላ! እኔ ባለፈው ከባንዱ ጋር የቀዳነውን ሥራ ስቱዲዮው «ሃርድ ዲስኩ ተበላሽቷል» ብሎን ቀርቷል። ስማቸውን አልጠራም፤ ራሳቸው ያውቃሉ።

የካሴት_ቤቱ

ካሴት ቤት ሳለሁም እንደዚያው ነበር። ማስተሩ (ዋናው ቴፕ) ላይ ሌላ ዘፋኝ ቀድተውበት ተገኘ፣ ባዶ ቴፕ ጠፍቶ ነው ብለው።

እኔ ግን አንዲት የኮኒ ሸክላ አለችኝ። ባለ 45። አስመራ ቃኘው ጣቢያ ከነበሩ አሜሪካኖች እጅ የወጣች ናት አለኝ የሸጠልኝ ሰው። መሃሏ ላይ የኤም ጂ ኤም አንበሳ አለ፤ ልጅ ሆነው ያዩት ዘመዶቼ የጃንሆይ አንበሳ ነው ብለው ይከራከሩኝ ነበር። ፊቷ ተጭራለች፣ ሁለት ቦታ ትዘላለች። ጀርባዋ ግን አዲስ ነው፣ ማንም አላጫወታትም።

ፍራንኮ_ሰፈር

ጋሼ ስንት ይሉልኛል?

የካሴት_ቤቱ

አይሸጥም።

ሳምሪ_ኤዲቲንግ

ጋሼ ጀርባዋን ልቀዳ ልምጣ? ማይክ እኔ ይዤ እመጣለሁ። እና ለእናቶች ልደት የሚሆን የጣሊያንኛ ዘፈኗ የቱ ነው?

ሰናይት_ኒውጀርሲ

«ማማ» የሚለውን ክፈችላቸው። ቃሉ ባይገባቸውም ያለቅሳሉ፣ መሐረብ አዘጋጂ።

የካሴት_ቤቱ

ቅዳሜ ከሰዓት ነይ። መብራት ካለ ነው እንግዲህ።